እጮኛዬ «ጎግል ላይ አንደኛ አደርግዎታለሁ» ብሎ ገንዘብ ተቀበለ፤ ምን ላድርግ?

የዛሬዋ ጠያቂያችን ከወላይታ ሶዶ ናት። ደብዳቤዋ የደረሰኝ በፖስታ ሳይሆን በቴሌግራም ነው። ስሟ እንዳይወጣ አደራ ብላለች። እኔም ስሟን ብቻ ሳይሆን ማንነቷን የሚያሳብቁትን ነገሮች ሁሉ አውጥቼ ፍሬ ነገሩን አሳጥሬ አቀርበዋለሁ። ስለ ንግድ የተጻፈ ደብዳቤ ይመስላል፤ መጨረሻው ግን የትዳር ጉዳይ ነው። እናንተም እያነበባችሁ ፍረዱ።

«ዕድሜዬ 26 ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ተምሬ ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ፍለጋ ሁለት ዓመት ተንከራተትኩ። በመጨረሻ ከእጮኛዬ ጋር ሆነን አንዲት ክፍል ተከራየንና ዌብሳይት መሥራት ጀመርን። እኔ እሠራለሁ፣ እሱ ደንበኛ ያመጣል። ሶዶ ውስጥ የማያውቀው ባለሆቴል፣ የማያውቀው ባለክሊኒክ የለም ማለት ይቻላል። አፉ ማር ነው። ችግሬም ይኸው አፉ ነው።

«ከአምስት ወር በፊት 10 ክፍል ያለው ፔንሲዮን ላላቸው አንዲት እናት ‹በአንድ ወር ውስጥ ጎግል ላይ አንደኛ አደርግዎታለሁ› ብሎ 30 ሺህ ብር ቀብድ ተቀበለ። ሴትየዋ ያንን ቤት የሠሩት ዕድሜ ልካቸውን ቅቤ ነግደው ነው። ዌብሳይቱን ሠራሁላቸው፤ ያምራል። ወሩ ሲሞላ እጮኛዬ በእሳቸው ስልክ የፔንሲዮኑን ስም ጽፎ አሳያቸው፤ አንደኛ ወጣ። መርቀውን ቀሪውን 20 ሺህ ብር ከፈሉ።

«ነገሩ የፈነዳው ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው ሲደውል ነው። ‹እማዬ፣ እኔ እዚህ ሆኜ በሶዶ ፔንሲዮን ብዬ ስፈልግ የሌሎቹ ይመጣል እንጂ ያንቺ የለም፤ ተበልተሻል!› አላቸው። አሁን 50 ሺህ ብሬን መልሱ እያሉ ነው፤ ሽማግሌም ልከዋል። እጮኛዬ ደግሞ ይባስ ብሎ ‹ካስቸገሩኝ ዌብሳይቱን አጠፋዋለሁ፤ ዶሜኑ በእኔ ስም ነው› ይላል። ሴትየዋን መንገድ ላይ ሳያቸው እደበቃለሁ። ስጨቃጨቀው ‹ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው፤ ቃል ካልገባሽ ማን ይከፍልሻል?› ይለኛል። ሠርጋችን ከጊፋታ በኋላ ተቆርጧል። እውነት ይሄ ሥራ ያለ ውሸት አይሠራም? ገንዘቡንስ መመለስ አለብን? ከዚህ ሰው ጋር ቤት ልመሥርት ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ሦስት ጥያቄ ጠይቀሽኛል። ለእኔ ግን ሦስቱም ሥራቸው አንድ ነው። እጮኛሽ በእጁ የሌለውን ነገር ሸጧል። ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ዓይነት ንግድ ነው፤ የእሱ የሚለየው የላሚቱን ዋጋ አስቀድሞ መቀበሉ ነው። በተራ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ የእናትየውና የልጅየው ስልክ ለምን ተለያየ? ከሁለቱ አንዱ ስለዋሸ አይደለም። ጎግል በኢንተርኔት ላይ ያሉ ገጾችን በማሽን እየዞረ ያነባል፣ ያነበበውን ይመዘግባል፣ ሰው ሲጠይቀው ደግሞ ከመዝገቡ ይጠቅማል ያለውን አሰልፎ ያቀርባል። ሰልፉ ታዲያ ለሁሉም ሰው አንድ አይደለም። ጠያቂው የት ሆኖ ነው የጠየቀው? በየትኛው ቋንቋ? ምን ብሎ ጻፈ? በዚህ ሁሉ ይለዋወጣል። ሶዶ ቁጭ ብሎ የፈለገና ጆሃንስበርግ ሆኖ የፈለገ አንድ ዓይነት መልስ ላያገኙ ይችላሉ። «አንደኛ» የሚባል፣ ለሁሉም ሰው የሚሠራ አንድ ወንበር የለም ማለት ነው።

በዚያ ላይ እጮኛሽ የጻፈው የፔንሲዮኑን ስም ነው። ስም ጽፎ ባለስሙን ማግኘት ማለት እኮ ሰውን በስሙ ጠርቶ «አቤት» ሲል መደነቅ ነው። ስሙን የሚያውቅ ሰው ድሮም ደንበኛ ነው። ለሴትየዋ አዲስ ገንዘብ የሚያመጣው ስሙን የማያውቀው ነው፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ ሲሄድ መሽቶበት «ሶዶ ማደሪያ» ብሎ የሚጽፈው መንገደኛ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሶዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ስለሆነች ለስብሰባና ለጉዳይ የሚመጣውም እንግዳ አለ። ልጅየው የጠየቀው እንደነዚህ እንግዶች ሆኖ ነው፤ ትክክለኛው ፈተና የእሱ ነበር።

«ያለ ውሸት አይሠራም?» ላልሽው ደግሞ ከእኔ ይልቅ ጎግል ራሱ ይመልስልሽ። ለዌብሳይት ባለቤቶች ባዘጋጀው መመሪያ ላይ አንደኛነትን ዋስትና መስጠት የሚችል ማንም እንደሌለ በግልጽ ጽፏል። ሥራው ውጤት እስኪያሳይም ብዙ ጊዜ ከ4 ወር እስከ 1 ዓመት እንደሚፈጅ የጎግል ሰዎች ተናግረዋል። ጎግል የሚሸጠው ማስታወቂያውን ነው፤ እሱም ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ነው የሚወጣው። ከዚያ ውጭ ያለውን ተራ በገንዘብ አይሸጥም፤ ማስታወቂያ መግዛትም ያንን ተራ አያሻሽልም። ባለቤቱ ራሱ አልሸጥም ያለውን ወንበር እጮኛሽ ከየት አምጥቶ ሸጠው?

አንቺ የድቻ ደጋፊ ሳትሆኚ አትቀሪምና በኳስ ልንገርሽ። መጋቢት 2010 ዓ.ም. ወላይታ ድቻ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ትልቁን የግብጽ ክለብ ዛማሌክን ካይሮ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ከውድድር አስወጥቶታል። ከጨዋታው በፊት አሰልጣኙ «እናሸንፋለን» ብሎ ትኬት እንደሚሸጥ ሰው ከየቤቱ ገንዘብ ቢሰበስብ ምን ይባል ነበር? አሰልጣኝ ደመወዙን የሚቀበለው ለልምምዱ፣ ለዝግጅቱ፣ ለአሰላለፉ ነው። ድሉ ከመጣ እሰየው፤ ግን ድሉን አስቀድሞ አይሸጠውም። የእናንተም ሥራ እንደዚያ ነው።

እንግዲህ «ታዲያ ምን ልሽጥ?» ማለትሽ አይቀርም። በእጅሽ ያለው ብዙ ነው።

አንደኛው ካርታው ነው። ጎግል ለንግድ ቤቶች የሚሰጠው መገለጫ ነጻ ነው። የቤቱ ቦታ፣ ስልኩ፣ ፎቶው፣ የሚከፈትበት ሰዓት ይገባበታል፤ ባለቤትነቱንም ብዙ ጊዜ ቤቱን በቪዲዮ ቀርጾ በመላክ ያረጋግጣሉ። ለደንበኛሽ «ነጻ ነው፤ የምታስከፍለኝ ድካሜን ነው» ብለሽ ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው ብትሰማው ግን ሌባ ትባያለሽ። በካርታው ላይ ማን ይቅደም የሚለውን ጎግል የሚወስነው ከተጠየቀው ነገር ጋር ባለው ዝምድና፣ በርቀትና በታዋቂነት ነው። ርቀቱን እጮኛሽም ሆነ እኔ ልንለውጠው አንችልም፤ ፔንሲዮኑ የተሠራው የተሠራበት ቦታ ነው። አስተያየት ግን መጠየቅ ይቻላል፤ ያደረ እንግዳ ሲወጣ «ደስ ካለዎት ሁለት መስመር ይጻፉልን» ማለት ነውር የለውም። ያላደረ ሰው እንዲጽፍ መክፈል ግን ክልክል ነው፤ ከተደረሰበትም ይሰረዛል።

ሁለተኛው የስም ነገር ነው። የከተማችሁን ስም በላቲን ፊደል የሚጽፍ ሰው ሁሉ በየራሱ መንገድ ነው የሚጽፈው። ሶዶን አንዱ በአንድ «ዲ»፣ ሌላው በሁለት «ዲ» ይጽፋል፤ ወላይታንማ ተይው። በዚያ ላይ በጉራጌ አገርም ሶዶ አለ። ባማርኛም ቢሆን «ሀ» እና «ሐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» እየተቀያየሩ አንድ ቃል በሦስት መልክ ይጻፋል፤ ማሽን ደግሞ እንደ ሰው ሁልጊዜ አይገምትም። ስለዚህ ስሙን በሁሉም ቦታ በአንድ አጻጻፍ ማጽናት፣ «ወላይታ ሶዶ» ብሎ ሙሉውን መጻፍ፣ ሌላውንም አጻጻፍ በተገቢው ቦታ ጣል ማድረግ ሙያ ነው። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ይህን ከአንቺ የበለጠ አያውቀውም። ወላይትኛ በላቲን እንደሚጻፍም የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ሦስተኛው የእንግዳን ጥያቄ መመለስ ነው። ሙቅ ውሃ አለ? መኪና ግቢ ውስጥ ያድራል? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይነሳል? በቴሌብር መክፈል ይቻላል? ከመናኸሪያው በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? አብዛኛው የሆቴል ዌብሳይት «ምቾትዎ ደስታችን ነው» ብሎ ያልፋል እንጂ ይህን አይናገርም። አንቺ ተናገሪ። ፎቶውንም አሳንሰሽ ጫኚ፤ መንገደኛ የሚከፍተው በስልክ ነው፣ ኔትወርክ በሚያስቸግርበት ቦታ ላይ ከባድ ፎቶ እስኪመጣ አይጠብቅም፤ ሌላ ቤት ይሄዳል።

አራተኛው ሒሳብ ማሳየት ነው። በየወሩ «አንደኛ ነዎት» ከማለት ይልቅ ስንት ሰው ከካርታው ላይ ደወለ፣ ስንት ሰው አቅጣጫ ጠየቀ፣ ይህን ቁጥር አቅርቢላቸው፤ መገለጫው ራሱ ያሳያል። እንግዳ ተቀባይዋም «በምን አወቁን?» ብላ ጠይቃ በደብተር ትመዝግብ። ሦስት ወር ከተመዘገበ በኋላ ዋጋሽን መከራከር የለብሽም፤ ደብተሩ ይከራከርልሻል።

የገንዘቡን ነገር ደግሞ ልብ በይ። ዶሜንና ሆስቲንግ አንዴ ተገዝተው የሚያልቁ ነገሮች አይደሉም፤ በየጊዜው ይታደሳሉ፤ ከውጭ ከተገዙ ደግሞ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በ10 ዶላር የሚታደስ ዶሜን 570 ብር ይፈጅ የነበረው ከ1,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ዋጋ ስትሰጪ የሥራሽን፣ የዕድሳቱንና የወር ክትትሉን ለየብቻ ጻፊ። ቀን ቆርጠሽ ቃል አትግቢ። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተቋረጠው ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው የተመለሰው፤ በዚያ ወር «በ30 ቀን» ብሎ የፈረመ ሰው ምን ይውጠው ነበር?

ወደ ዶሜኑ ልምጣ፤ ከሁሉም ያስደነገጠኝ እሱ ነውና። ዶሜን ማለት የቤት ካርታ ማለት ነው። ግንበኛ ቤት ሠርቶ ሲያበቃ ካርታውን በራሱ ስም አውጥቶ፣ «ካስቸገርሽኝ አፈርሰዋለሁ» ቢል ሰፈሩ ምን ይለዋል? እጮኛሽ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዶሜኑ በሴትየዋ ስም፣ በእሳቸው ወይም በልጃቸው ኢሜይልና ስልክ መመዝገብ ነበረበት። የጎግል መገለጫውም ባለቤቷ እሳቸው መሆን አለባቸው፤ እናንተ አስተዳዳሪ ሆናችሁ ትገባላችሁ። «እነሱ አይገባቸውም» አትበይኝ፤ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈሽ በፖስታ አሽገሽ ስጫቸው፤ ከቤቱ ካርታ ጋር ያስቀምጡታል።

በሰው እጅ ያለ ነገር እንደሚዘጋ ደግሞ አይተናል። ጎግል ለንግድ ቤቶች በነጻ ይሰጥ የነበረውን ቀላል ዌብሳይት በ2016 ዓ.ም. ዘግቶታል። በዚያ ብቻ የተማመኑ አድራሻቸውን አጡ። የራስ ዶሜን የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የእጮኛሽ ስም ያለበት ዶሜን ግን ለሴትየዋ ከዚያ በምን ይሻላል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ገንዘቡ ይመለስ ወይ? እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ነው ይላል። ቁጥር 1704 ደግሞ በተንኮል የተገኘ ውል ሊፈርስ እንደሚችል ይናገራል። ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት እናንተው ጨርሱት። በእኔ ፍርድ መጀመሪያ ዶሜኑ ዛሬ ነገ ሳይባል ወደ ሴትየዋ ስም ይዙር፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም። ሁለተኛ፣ ያቺ 20 ሺህ ብር ሙሉ በሙሉ ትመለስ፤ የተከፈለችው ስም ጠርቶ «አቤት» በማስባል ነውና። የ30 ሺሁ ብር ግን ሒሳብ ይቅረብበት። ለዶሜንና ለሆስቲንግ የወጣው በደረሰኝ፣ ያንቺ የሥራ ዋጋ ደግሞ በግልጽ ይጻፍ። ዌብሳይቱን ሠርተሻል፤ የላብሽን ዋጋ መጠየቅ አያሳፍርም። ከዚያ የሚተርፍ ካለ ምርጫው የእሳቸው ይሁን፤ ወይ ገንዘቡን ይውሰዱ፣ ወይ ከላይ የዘረዘርኩትን ሥራ ያለ ክፍያ ሥሩላቸው። በአንድ ጊዜ መክፈል ካልቻላችሁ በሽማግሌዎቹ ፊት በየወሩ ተብሎ ይጻፍ።

መደበቁን ተይው። ነገ ጠዋት ሂጂ፣ ቡና ካፈሉ ጠጪ፣ የልጃቸው ስልክ ለምን ሌላ እንዳሳየ አንቺው አስረጃቸው። ቅቤ ነግዶ ቤት የሠራ ሰው ሚዛን ያውቃል፤ እውነቱን ሲነግሩት ይገባዋል። ሶዶ ደግሞ አዲስ አበባ አይደለችም፤ አንዱን ደንበኛ አስቀይሞ ሌላ ሰፈር መሄድ አይቻልም። ወሬው ከአንቺ ቀድሞ ቡና ላይ ይደርሳል። እጮኛሽ «ቃል ካልገባሽ ማን ይከፍልሻል?» ያለሽ ለዚህ ወር ደንበኛ እውነት ሊሆን ይችላል። ለሚመጣው ዓመት ግን ቃል ገብቶ ያልፈጸመ ሰው ነው የማይከፈለው።

ቀረን ትልቁ ጥያቄ። ልተወው ወይ?

እህቴ፣ በአንድ 50 ሺህ ብር ምክንያት ሰው አይጣልም። ወጣት ነው፣ ደንበኛ ፈልጎ ምላሱ ቀድሞታል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያለውን ነገር መመለስ አቃተው። እስከዚህ ድረስ እረዳዋለሁ። «አጠፋዋለሁ» ያላት ቃል ግን ሌላ ናት። የደከሙ እናትን ቁልፍ ይዞ ማስፈራራት የንግድ ስሕተት አይደለም፤ የጠባይ ነገር ነው። ዛሬ የእሳቸውን ዶሜን የያዘ እጅ ነገ የአንቺን የባንክ ደብተር፣ የቤትሽን ቁልፍ ሊይዝ ነው። ስለዚህ እሱን የምትፈትኚው በምን ያህል ይወድሻል አይደለም፤ እሱን አፉ ይመልስልሻል። የምትፈትኚው ቁልፉን ሲጠየቅ በሚያደርገው ነው።

ሁለት ሳምንት ስጪው። ዶሜኑን ያዙር፣ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ ሒሳቡን ያስረዳ፣ ከእንግዲህ በጽሑፍ ውል ካልሆነና አንቺም ካልፈረምሽ ቀብድ ላይቀበል ይስማማ። የድርጅቱም ገንዘብ ከኪሱ ወጥቶ በሁለታችሁ ፊርማ በሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይግባ። እያጉረመረመም ቢሆን ካደረገው፣ አግቢው፤ ማፈር የሚያውቅ ሰው ነው። አሻፈረኝ ካለ ግን ሠርጉን አራዝሚ። ጥሪ ወረቀት ተበትኗል ብለሽ አትፍሪ፤ የተበተነ ጥሪ ወረቀት ይሰበሰባል። ሥራውን አትተዪ፤ ሙያው ያንቺ ነው፤ ደንበኛ ማናገር ደግሞ ይለመዳል።

ጊፋታ የወላይታ ዘመን መለወጫ ነው፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ አዲሱን ዓመት መቀበል እንደማይወደድ ከእኔ አንቺ ታውቂያለሽ። እንግዲያው ከሠርጉ በፊት ጊፋታ አለና ከሴትየዋ ጋር ያለውን ነገር ከዚያ በፊት ጨርሱ። ቢቻል በሠርጋችሁ ዕለት እንግዶቻችሁን እዚያው ፔንሲዮን አሳድሩ፤ ሙሉ ሒሳብ ከፍላችሁ ግን!

በየከተማው ይህን ሥራ የጀመራችሁ ወጣቶችም ብዙ ናችሁና ምክሩ ለእናንተም ይሁን። ጊዜያችሁን፣ ዕውቀታችሁንና ድካማችሁን ሽጡ፤ የእናንተ ነው። የጎግልን ወንበር ለጎግል፣ የደንበኛን ካርታ ለደንበኛ ተዉት። እህታችን ከሁለት ሳምንት በኋላ ምን እንደሆነ ብትጽፊልኝ ደስ ይለኛል። ሳምንት በሌላ ጥያቄ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!